ዳሌ የቱ ጋ ነው? ስለ ዳሌ አጥንት ግልፅ ያለ ማብራሪያ

"ዳሌዬን አሞኛል" ያላችሁን ሰው እስቲ የቱ ጋ በሉት። አንዱ ከቀበቶው ስር ጎኑን ይይዛል፣ አንዱ ዞሮ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ከኋላ ያሳያችኋል፣ አንዷ ብሽሽቷን ትነካለች፣ ሌላው ደግሞ የተቀመጠበትን ራሱን። ማንም አልዋሸም፣ ግን አራቱም የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው፣ እንደውም አንዳንዱ ህመም ዳሌ አጥንት ላይ አይደለም። ጣጣው ከቃሉ ነው የሚጀምረው። ዳሌ ስንል ስጋውንም አጥንቱንም ከኋላ ሲታይ ያለውን ስፋትም ጠቅልለን ነው የምንጠራው፣ ከዛ "ዳሌዋ ሰፊ ነው በቀላሉ ትወልዳለች"፣ "ዳሌዬ ወልቆ ተመለሰ"፣ "እማማ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ" እንላለን፣ ሶስቱም ጋ ዳሌ የሚለው ቃል ሌላ ሌላ ነገር ነው። እዚህ የማወራው ስለ አጥንቱ ብቻ ነው።

ዳሌ አንድ አጥንት ነው እንዴ?

አይደለም። አዋቂ ሰው ላይ አራት ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ የዳሌ አጥንቶች አሉ፣ ከኋላ መሀላቸው ሳክረም የሚባለው ይገባል፣ ከሳክረም ጫፍ ላይ ደግሞ ትንሿ የጅራት አጥንት አለች፣ ሀኪሞች ኮክሲክስ የሚሏት። ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ከፊት እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ከኋላ ሳክረሙን ግራና ቀኝ ይይዛሉ፣ ዙሪያው ሲገጥም ቀለበት ይሆናል። ቀለበት የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ ወደታች ብዙ ነገር እሷ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

ህፃን ልጅ ላይ ግን ቁጥሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ የዳሌ አጥንት ሲጀመር ሶስት ነው፦ ከላይ እንደ ክንፍ የተዘረጋው ኢሊየም፣ ከታችና ከኋላ ያለው ስንቀመጥ የሚሸከመን ኢስኪየም፣ ከፊት ያለው ፒዩቢስ። ሶስቱ የሚገናኙት የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ መሀላቸው ባለ ሶስት ቅርንጫፍ የሆነ ለጋ አጥንት (ካርቲሌጅ) አለ፣ እሱ ነው ጉድጓዱን እያሳደገ የሚሄደው። ይሄ ለጋ አጥንት ሴቶች ላይ ከ12 እስከ 14፣ ወንዶች ላይ ከ14 እስከ 16 ዓመት ገደማ ይደነድንና ሶስቱ አንድ ይሆናሉ። ሳክረምም እንደዛው ነው፣ አምስት የአከርካሪ አጥንቶች ተጣብቀው ነው የተሰራው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጣበቁ ሀያዎቹ ውስጥ ይገባል። የጅራት አጥንት ብዙ ጊዜ አራት ቁራጭ ናት፣ ሶስት ወይ አምስት የሆነችባቸው ሰዎችም አሉ። ደምሩት፣ 15 አካባቢ ቁራጭ ነው ተገጣጥሞ አራት የሚሆነው።

ስሞቹ ደግሞ ያስቁኛል። ቀለበቱን በሙሉ ሀኪሞች ፔልቪስ ይሉታል፣ በላቲን መታጠቢያ ሳህን ማለት ነው፣ የጭን አጥንት የሚገባበት ጉድጓድ አሴታቡለም ይባላል፣ የኮምጣጤ ስኒ ማለት ነው፣ ኮክሲክስ በግሪክ ኩኩ የምትባለዋ ወፍ ናት፣ ምንቃሯን ትመስላለች ተብሎ። ዋናው የዳሌ አጥንት ጋ ሲደርሱ ግን ምን እንደሚመስል ግራ ገባቸው መሰለኝ "ስም የለሽ አጥንት" ብለው ተዉት፣ አሁንም ድረስ በዚህ ስም የሚጠሩት መፅሀፎች አሉ።

ከውጪ በእጅ የሚነካው የቱ ነው?

እጃችሁን ወገባችሁ ላይ ጣል አድርጉና ወደታች ጫን በሉት። እጃችሁን ያስቆመው ጠንካራ ጠርዝ የኢሊየም የላይኛው ጫፍ ነው። ጠርዙን ይዛችሁ ወደፊት ሂዱ፣ ከሆዳችሁ ጎን ሹል ብሎ የወጣ ነገር ላይ ይቆማል፣ ቀጭን ሰው በሆዱ ሲተኛ ወለሉ ላይ የሚቆረቁረው እሱ ነው። ቀጥ ብሎ በቆመ ሰው ላይ ይሄ ሹል ነገርና ከፊት ከብልት በላይ ያለው አጥንት ከጎን ሲታይ ከላይ ወደታች በሚወርድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ነው የሚውሉት። ይሄ ማለት ሳህኑ ለጥ ብሎ አልተቀመጠም፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ወደፊት አዘንብሏል፣ ውሀ ብትሞሉበት ከፊት በኩል ይደፋል።

አሁን ጠርዙን ይዛችሁ ወደኋላ ሂዱ። የግራና የቀኙን ከፍተኛ ቦታ በመስመር ብታገናኙት መስመሩ አራተኛውን የወገብ አከርካሪ አካባቢ ያቋርጣል። በኦፕሬሽን የወለደች ሴት ጀርባዋ ላይ መርፌ ከመወጋቷ በፊት ባለሙያው ሁለት እጁን ጎንና ጎኗ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ መሀሉን ሲፈልግ ትዝ ይላት ይሆናል፣ ይቺን መስመር እየፈለገ ነው።

ቀጥሎ መዳፋችሁን ወደላይ አድርጋችሁ እጃችሁ ላይ ተቀመጡ፣ ደረቅ ወንበር ላይ ቢሆን ይሻላል። ሁለት ድቡልቡል አጥንቶች እጃችሁን ይጫኑታል፣ ኢስኪየም ነው። ከታፋ ኋላ ያሉት ጡንቻዎች የሚነሱት እዚህ ጋ ስለሆነ፣ አጥንቱ ገና ሙሉ በሙሉ ያልደነደነ ታዳጊ ሯጭ ወይ ኳስ ተጫዋች በፍጥነት ሲፈነጠር ጡንቻው የአጥንቱን ቁራጭ ይዞ ሊገነጠል ይችላል፣ እና "ጡንቻ ተሳቦብኝ ነው" እያለ ሳምንታት ሲያነክስ ይከርማል።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ሱሪ ኪስ አካባቢ በጎን በኩል ወጣ ያለችውን ጠንካራ ነገር ንኩ። ብዙ ሰው ዳሌዬ የሚላት እሷን ነው። ዳሌ አይደለችም! የጭን አጥንት የላይኛው ጉብታ ናት፣ እግራችሁን ወደውስጥና ወደውጪ ብታዞሩት እሷም ከእጃችሁ ስር ትንከባለላለች፣ የዳሌ አጥንት ግን አይንቀሳቀስም። አሮጊቶች ወድቀው "ዳሌያቸው ተሰበረ" ሲባልም አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረው የጭን አጥንት የላይኛው ክፍል ነው። እኔ አክስቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ ሲሉኝ የዳሌ ስብራት አሰቃቂ መዘዝ ምናምን እያነበብኩ ሌሊቱን አደርኩ፣ ጠዋት ኤክስሬዩ ሲታይ የዳሌ አጥንቷ ሙሉ ነው፣ የተሰበረው ጭኗ ነበር። ህክምናው ፈፅሞ የተለያየ ስለሆነ ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

ሁለት እግር ላይ የሚቆም ሰውነት እዚህ አጥንት ላይ እንዴት ያርፋል?

የላይኛው አካላችን ክብደት በአከርካሪ በኩል ይወርድና ሳክረም አናት ላይ ያርፋል። እዛ ጋ ለሁለት ይከፈላል፣ ግራና ቀኝ በሳክረምና በኢሊየም መጋጠሚያ ያልፋል፣ ስንቆም ወደ ጭን አጥንት ይወርዳል፣ ስንቀመጥ ደግሞ ጭኑን ትቶ ቅድም እጃችሁን ወደተጫኑት ሁለት ድቡልቡሎች።

ሳክረም ከፊት ሲታይ ከላይ ሰፍቶ ወደታች ይጠባል፣ ልክ እንደ ሽብልቅ ነው። ሽብልቅ ከላይ በተመታ ቁጥር እንደሚጠብቅ ሁሉ ሳክረምም ክብደት ሲያርፍበት በሁለቱ አጥንቶች መሀል ይጠብቃል ይባላል። ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው፣ ምክንያቱም ስንቆም ሳክረም ቀጥ አይልም፣ ያዘነብላል፣ ስለዚህ ክብደቱ አናቱን ወደፊትና ወደታች ወደ ሳህኑ ውስጥ ይገፋዋል። እዛ እንዳይሰምጥ የያዙት ከኋላ ያሉት ጅማቶች ናቸው፣ ሰውነታችን ውስጥ ካሉት ጠንካራ ጅማቶች መሀል የሚቆጠሩ። ስለዚህ በአጥንት የተደገፈ ከማለት ይልቅ እንደ ገመድ ድልድይ በጅማት የተንጠለጠለ ብትሉት ይቀርባል። አናቱ ሲጫን ደግሞ የታችኛው ጫፉ ወደኋላና ወደላይ ሊነሳ ይፈልጋል፣ እሱን ሌሎች ሁለት ጅማቶች ከታች ከኢስኪየም ጋር አስረው ይዘውታል።

ይሄ መጋጠሚያ ታዲያ ምን ያህል ይንቀሳቀሳል? በጣም ትንሽ፣ ጥቂት ዲግሪና ጥቂት ሚሊ ሜትር። ስለዚህ "ዳሌዬ ወልቆ በእጅ ተመለሰ" የሚለው፣ ይሄን መጋጠሚያ ማለት ከሆነ፣ አይሆንም። ያምማል፣ ያቃጥላል፣ ይቆጣል፣ ግን ያለ ከባድ አደጋ ወጥቶ አይገባም። ሊወልቅ የሚችለው የጭን አጥንት ራስ ነው ከጉድጓዱ፣ እሱ ሲወልቅ ደግሞ ሰውየው ቆሞ ሊያወራችሁ አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ እግራችሁ ቁሙና በቆማችሁበት እግር በኩል ከኢሊየም ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ንኩ። ጡንቻው ድንጋይ ሆኗል አይደል? ያልቆመው እግር በኩል ያለው ዳሌ ወደታች እንዳይወድቅ እየጎተተ ነው፣ በተራመዳችሁ ቁጥር አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይሄን ይሰራል። ይሄን ስራ የሚችለው ኢሊየማችን አጭርና ወደጎን የተጠማዘዘ ስለሆነ ነው። ቺምፓንዚ ላይ ኢሊየም ረጅምና ጠፍጣፋ ሆኖ ወደኋላ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ በሁለት እግሩ ሲሄድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። እ.ኤ.አ በ1974 ሀዳር የተገኘችው ሉሲ፣ ድንቅነሽ ማለቴ ነው፣ ከነግራ የዳሌ አጥንቷና ከነሳክረሟ ስለተገኘች 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኢሊየሙ እንዲህ አጥሮ ተጠማዞ እንደነበር በአይን ታየ። ጭንቅላቷ ገና ትንሽ ነበር፣ ዳሌዋ ግን ቀድሞ ወደ መራመዱ ሄዷል።

ቀለበቱ ሲሰበር ለምን ያስፈራል?

የመስታወት አምባር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለመስበር ሞክሩ። አይሆንላችሁም፣ አንዱ ጋ ሲሰበር ሌላም ቦታ ይሰነጠቃል። የዳሌ ቀለበትም እንደዛው ነው። ከፊት ፒዩቢስ ላይ ስንጥቅ ካየ ሀኪሙ ወዲያው ከኋላስ ብሎ ሳክረሙን ይመለከታል፣ ብዙ ጊዜም ተራ ኤክስሬይ ላይ ያልታየ ነገር ሲቲ ስካን ላይ ይወጣል። ህፃናት ላይ አጥንቱ ገና ስለሚለመጥ አንድ ቦታ ብቻ ሊሰበር ይችላል፣ እሱ ለየት ያለ ነው።

አጥንታቸው የሳሳ ትልልቅ ሰዎች ከቁመታቸው ወድቀው የሚያመጡት ስንጥቅ ያማል እንጂ በአብዛኛው ኦፕሬሽን አይፈልግም፣ በማስታገሻ ታግዘው ቶሎ መነሳት ነው የሚጠቅማቸው። የመኪና አደጋና ከፎቅ መውደቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳክረሙ ፊት ለፊት የደም መላሽ ስሮች መረብ ተዘርግቷል፣ ቀለበቱ ሲከፈት መረቡ ይበጠሳል፣ ሳህኑ ውስጥ ያለው ቦታም ይሰፋል፣ ከውጪ አንዲት ጠብታ ሳይታይ ሊትሮች ደም እዛ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ለዛ ነው የድንገተኛ ባለሙያዎች ዳሌውን በሰፊ ቀበቶ፣ ካጡም በአንሶላ፣ ጠበቅ አድርገው የሚያስሩት። የሚታሰረው የት ጋ ነው ካላችሁ ሱሪ ቀበቶ ቦታ አይደለም፣ ቅድም "ዳሌ አይደለችም" ባልኳችሁ የጭን አጥንት ጉብታ ልክ ነው። ከፍ ካለ ኢሊየሞቹን ከላይ ይጫንና የታችኛው ክፍል ተከፍቶ ይቀራል፣ ይሄ ስህተት ደግሞ በተደጋጋሚ የሚሰራ ነው። ድሮ የሚደረገው ዳሌውን በእጅ ገፋ ገፋ አድርጎ "ይላላ ይሆን" ብሎ መሞከርም ቀርቷል፣ የረጋውን ደም መልሶ ስለሚያስነሳ።

የሴትና የወንድ ዳሌ በምን ይለያል?

አውራ ጣታችሁንና ሌባ ጣታችሁን ክፍት አድርጉ፣ መሀላቸው ያለው ሰፊ አንግል ሴት ዳሌ ላይ ከፊት ከፒዩቢስ ስር ያለውን ይመስላል። አሁን ሌባ ጣትና መሀል ጣትን ክፈቱ፣ ጠበብ ያለው የወንድ ነው። ከዛ ውጪ የሴት ሳክረም አጠር ሰፋ ይላል፣ የሳህኑ መግቢያ ወደ ክብነት ይሄዳል፣ የወንዱ ልብ ቅርፅ ይይዛል ምክንያቱም የሳክረሙ አናት ወደውስጥ ገፍቶ ይገባበታል። አፅም ሲገኝ ሴት ናት ወንድ ነው ለማለት ባለሙያዎች ከሁሉም በላይ የሚተማመኑት ዳሌ ላይ ነው።

ግን ይሄ ልዩነት ስንወለድ ጀምሮ ጎልቶ የሚታይ አይደለም፣ በአብዛኛው በጉርምስና የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ በ2016 ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ደግሞ የሚገርም ነገር አሳየ፣ የሴት ዳሌ በጉርምስና ሰፍቶ መውለጃ እድሜ ላይ ለወሊድ ምቹ ቅርፅ ይይዛል፣ ከ40 በኋላ ግን እንደገና መጥበብ ይጀምራል። አጥንት አንዴ ከተሰራ በኋላ ዝም ብሎ የሚኖር ነገር እንዳልሆነ ያሳያል።

በ1933 (ይሄም እ.ኤ.አ ነው) ካልድዌልና ሞሎይ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሀኪሞች የሴት ዳሌን በአራት አይነት ከፋፈሉት፣ ክቡ፣ ወንድ መሳዩ፣ ከፊት ወደኋላ የረዘመው፣ ከጎን ጎን የሰፋው። መማሪያ መፅሀፎች ላይ እስካሁን አለ፣ ተማሪዎችም ለፈተና ይሸመድዱታል፣ እውነተኛ ሰዎች ላይ ግን አብዛኛው ዳሌ ከአራቱ መሀል የሆነ ቦታ ነው የሚወድቀው።

ሰፊ ዳሌ ያላት በቀላሉ ትወልዳለች?

ከውጪ የሚታየው ስፋት የኢሊየም ክንፎቹ፣ የጭን አጥንት ጉብታዎቹና የስጋው ነው። ህፃኑ በሱ አያልፍም። ህፃኑ የሚያልፈው ከታች ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው፣ ክንፎቹ ደግሞ ከሱ በላይ ናቸው። ሀኪሞች ሳህኑን ለሁለት የሚከፍሉትም ለዚህ ነው፣ የላይኛውን ሰፊውን "ሀሰተኛ ዳሌ"፣ የታችኛውን "እውነተኛ ዳሌ" ይሉታል። ሰፊ አፍ ያለው ማንቆርቆሪያ አንገቱ ስንት እንደሆነ አፉን አይታችሁ አታውቁትም።

መተላለፊያው ደግሞ ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም። መግቢያው ላይ ከጎን ወደጎን 13 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ወደኋላ 11 አካባቢ ነው፣ መውጫው ላይ ሲደርስ ይገለበጥና ከፊት ወደኋላ ያለው ይሰፋል። መሀል ላይ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሹል አጥንቶች ወደውስጥ ይገባሉ፣ በነሱ መሀል ያለው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሁሉም ጠባቡ። የህፃኑ ጭንቅላት ከጎን ወደጎን 9.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሂሳቡን ስታዩት ያስጨንቃል።

ስለዚህ ህፃኑ ይዞራል። ፊቱን ወደ እናቱ ጎን አድርጎ ይገባል፣ ምክንያቱም መግቢያው ወደጎን ነው የሚሰፋው፣ አገጩን ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ ከዛ እየወረደ ሲዞር ፊቱ ወደ እናቱ ጀርባ ይሆናል፣ መውጫው ወደዛ ስለሚሰፋ። መተላለፊያው ላይ ደግሞ መታጠፊያ አለ፣ የፊተኛው ግድግዳ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የኋለኛው፣ ሳክረሙና የጅራት አጥንቷ፣ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል፣ ስለዚህ ጭንቅላቱ ከፒዩቢስ ስር ወደላይ ቀና እያለ ነው የሚወጣው። ትልቅ ሶፋ በጠባብ በር ስታስገቡ እንደምታዞሩት ማለት ነው፣ በርና ሶፋው ትንሽ ትንሽ ከሚለመጡ ግን፣ ምክንያቱም የህፃኑ የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጣበቁ ይደራረባሉ፣ የእናቲቱ የጅራት አጥንትም ወደኋላ ሸሸት ትላለች። በጀርባ ለጥ ብሎ ሲተኛ ይሄ ሸሸት ማለት ይከብዳል፣ ቁጢጥ ሲባል ወይ ሲንበረከኩ መውጫው ትንሽ ይከፈታል።

አዋላጇ በምጥ ሰዓት "ዜሮ ደርሷል" ስትል የሰማችሁ ካላችሁ፣ መለኪያዋ እነዚያ ሁለት ሹል አጥንቶች ናቸው። ጭንቅላቱ እነሱ ልክ ሲደርስ ዜሮ ነው፣ ከነሱ በላይ ከሆነ ቁጥሩ በመቀነስ፣ ካለፈ በመደመር ይነገራል።

ታዲያ ዳሌን አስቀድሞ ለክቶ "ይቺ ትወልዳለች ይቺ አትወልድም" ማለት አይቻልም? ለብዙ አስርት ዓመታት በእጅም በኤክስሬይም ተሞክሯል፣ ብዙም አላዋጣም፣ ምክንያቱም የሚለካው አጥንቱ ብቻ ነው፣ የሚወስነው ግን ዳሌውና ጭንቅላቱና አገባቡና ምጡ አንድ ላይ ሆነው ነው። የአለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ ባወጣው የምጥ መመሪያ ጤነኛ እናት ምጥ ይዟት ስትመጣ ዳሌዋን በእጅ መለካት እንደ መደበኛ ስራ እንዳይደረግ መክሯል። ጠባብ ዳሌ የሚባል ነገር የለም ማለት ግን አይደለም፣ ቀድሞ ተሰብሮ የተጣመመ ወይም በልጅነት በሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚያልፈሰፍስ በሽታ) ቅርፁ የተበላሸ ዳሌ አለ፣ ለነሱ ሀኪም ቀድሞ ያቅዳል።

እርግዝና ላይ ከፊት አጥንቱ ለምን ያማል?

ሁለቱ ፒዩቢሶች ከፊት የሚገናኙት በለጋ አጥንት ንጣፍ ነው፣ መሀላቸው 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለ። እርግዝና ላይ በሪላክሲንና በሌሎች ሆርሞኖች ጅማቱ ይላላል፣ ክፍተቱ ሁለት ሶስት ሚሊ ሜትር ይጨምራል፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው። አንዳንዶች ላይ ግን ቀለበቱ ከፊት ሲላላ ከኋላ ያሉት መጋጠሚያዎችም ስራ ይበዛባቸዋል፣ ከዛ ደረጃ ስትወጣ፣ ሱሪ ለመልበስ አንድ እግሯን ስታነሳ፣ አልጋ ላይ ስትገላበጥ የሚወጋ ህመም ይመጣል፣ አንዳንዴ ቀጭ የሚል ድምፅ ሁሉ ይሰማል። ቁጭ ብሎ መልበስ፣ ስትገላበጥ ጉልበቶቿን ገጥማ እንደ አንድ እግር ማዞር፣ ከመኪና ስትወርድም እንደዛው፣ ዳሌ የሚያቅፍ ቀበቶ፣ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ፣ ብዙዎቹን ያግዛል። ከወለደች በኋላ ህመሙ በርትቶ መራመድ ካቃታት ግን ክፍተቱ ከ10 ሚሊ ሜትር አልፎ ሊሆን ስለሚችል "አራስ ናት ይለቃታል" ተብሎ የሚተው አይደለም፣ ኤክስሬይ መነሳት አለባት።